ወለሉ ሳይወለወል፦ በዲሲና አካባቢው አዳልጧችሁ ከወደቃችሁ ማስረጃ እንዴት ይያዛል?

አክስቴ የወደቀችው ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ፍራፍሬ ከተደረደረበት ጥግ ነው። የረገጠችው አንዲት የወይን ፍሬ ናት። እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ከኋላዋ ነበርኩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ ደግፎ አነሳትና ተጎድታ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ሰው ፊት መውደቋ ከሕመሙ በላይ አሳፍሯት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሶሪ" አለችው። ልጁ ፍሬዋን በወረቀት ፎጣ አንስቶ፣ ወለሉን ወልውሎ፣ ቢጫዋን ምልክት አቁሞ ለመሄድ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ አብጦ መርገጥ አቃታት። ራጅ ስትነሳ የጉልበቷ ሎሚ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ያን ጊዜ እጃችን ላይ የነበረው የ23 ዶላር ደረሰኝ ብቻ ነው። ሱቁ ግን የራሱን ጽሑፍ ይዟል፦ ደንበኛዋ ደህና ነኝ ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ ሄዳለች።

ከዚያ ወዲህ በአስተርጓሚነት ሥራዬ ይህንኑ ታሪክ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ በሌላ ሰው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ጠበቃ ጋ ስትደርሱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ምን ማሳየት ይጠበቅባችኋል?

በአብዛኛው የአሜሪካ ስቴት የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ይቀንሰዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ከአላባማና ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በአሮጌው ደንብ የቀሩ ናቸው። ለመውደቃችሁ የእናንተም ጥንቃቄ ማነስ በጥቂቱ አስተዋጽኦ አለው ከተባለ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ሜሪላንድ ይህን ደንብ የያዘችው በ1847 ነው፤ በ2013 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቀይረው ተጠይቆ ባለበት ተወው። ዲሲ በ2016 ደንቡን ያላላው እግረኛና ብስክሌተኛ በመኪና ሲገጭ ነው፤ ሱቅ ወለል ላይ ለወደቀ ሰው አልደረሰም። እንግዲህ የአክስቴ "ሶሪ" ምን ያህል እንደምታስከፍል አስቡት።

ሌላው ነገር፣ ወለሉ እርጥብ መሆኑ ለብቻው አይበቃም። ባለቤቱ ማወቁን፣ ወይም ሊያውቅበት የሚበቃ ጊዜ እንደነበረው ማሳየት አለባችሁ። ይህን በደንብ የሚያስረዱት ቦስተን ላይ የተዳኙ ሁለት የሙዝ ልጣጭ ጉዳዮች ናቸው። በ1901 በተወሰነው፣ አንድ የባቡር ተሳፋሪ ጣቢያው ውስጥ ልጣጭ ረግጦ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ፣ ልጣጩን ከባቡሩ ሲወርድ የነበረ ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት ጥሎት ሊሆን ይችላል ብሎ የተሳፋሪውን ክስ ውድቅ አደረገው። በ1911 በተወሰነው ደግሞ አንዲት ሴት እንዲሁ ልጣጭ አዳልጧት ወደቀች፤ ምስክሮች ግን ልጣጩ የጠቆረ፣ የደረቀ፣ የተረጋገጠና አፈር የያዘ እንደነበር ተናገሩ። ያ ማለት እዚያ ቆይቷል፤ ሊጠረግ ይገባ ነበር። ሴትዮዋ ረታች። ተሳፋሪውንና ሴትዮዋን የለያቸው የልጣጩ መጥቆር ነው።

ስለዚህ ስልካችሁን ስታወጡ የምታነሱት የፈሰሰውን ነገር ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ነው።

1. ወዲያው አትነሱ

ወገኛ ምክር ሊመስል ይችላል፤ እኛ ስንወድቅ መጀመሪያ የምናደርገው ዘለን ተነስተን ማን አየን ብለን መዞር ነውና። ጭንቅላታችሁን ከመታችሁ፣ አንገት ወይም ወገብ ካመማችሁ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ 911 አስደውሉ። አምቡላንስ ሲመጣ የት እንዳገኟችሁና በምን ሰዓት እንደደረሱ ይጻፋል፤ ይህ ከናንተም ከሱቁም ያልወጣ ሦስተኛ ጽሑፍ ነው።

መሬት ላይ እንዳላችሁ ዙሪያውን እዩ። መዳፋችሁ ረጥቧል? ሱሪያችሁ የቱ ጋ ነው የረጠበው? ምን ይሸታል፣ ውሃ ነው ዘይት ወይስ ሳሙና? ከተነሳችሁ በኋላ "በምን እንደወደቅኩ አላውቅም" ማለት ጉዳዩን ገና ሳይጀመር ይገድለዋል።

ለሚጠይቃችሁ ሰው የምትመልሱት አጭር ይሁን፦ "አዳልጦኝ ወደቅኩ። አሞኛል። ሐኪም ይየኝ።" ውሸት አትናገሩ፣ የሆነውንም አትደብቁ። ነገር ግን ያላጠፋችሁትን በይሉኝታ አትሸከሙ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ለኛ ሰላምታ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን "ጉዳት የለብኝም" ሆኖ ይቀመጣል።

2. መወልወያው ሳይመጣ ፎቶ አንሱ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያላችሁም ጥቂት ደቂቃ ነው። መነሳት ካልቻላችሁ አብሯችሁ ያለው ሰው ያንሳ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በአጠገብ ያለፈውን ሰው ለምኑት።

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የመደርደሪያው ቁጥር ወይም የሱቁ ጽሑፍ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ይህ ቦታውን ያረጋግጣል። ቢጫ ምልክት እንዳልነበረም የሚታየው በዚሁ ነው። ቀጥሎ ትመጡበት በነበረው አቅጣጫ ቆማችሁ፣ በዓይናችሁ ከፍታ አንድ አንሱ። ይህችን ፎቶ ብዙ ሰው ይረሳታል። ወደፊት ከሚነሱት ጥያቄዎች ዋናው "እንዴት አላየሽውም?" የሚለው ነው፤ ነጭ ንጣፍ ላይ የፈሰሰ ውሃ ቆሞ ለሚሄድ ሰው እንደማይታይ ከዚህች ፎቶ የበለጠ የሚናገር የለም።

ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ቀረብ በሉ። የምትፈልጉት ዕድሜ ነው ብያለሁ፦ ውሃው ላይ ያለፈ የጋሪ ጎማ መስመር፣ የሌሎች ሰዎች የጫማ ኮቴ፣ ጠርዙ የደረቀ ፈሳሽ፣ የጠቆረ ቅጠል፣ ቀልጦ ውሃ የሆነ በረዶ። መጠኑን ለማሳየት አጠገቡ የአንድ ዶላር ኖት አስቀምጡ፤ ርዝመቱ 15.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። ፈሳሹ ውስጥ አትክተቱት፣ ጠርዙ ላይ ይበቃል።

ቀና በሉና ምንጩን ፈልጉ። የሚያንጠባጥብ ፍሪጅ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት፣ የታጠፈ ምንጣፍ። ከሚንጠባጠበው ሥር ባልዲ ተቀምጦ ካገኛችሁ ወርቅ ነው፤ ማወቃቸውን ባልዲው ራሱ ይመሰክራል። መጸዳጃ ቤት ከሆነ በሩ ጀርባ የተለጠፈውን የጽዳት ወረቀት አንሱ። የመጨረሻው ፊርማ በስንት ሰዓት ነው? ጠዋት ተፈርሞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነ፣ እሱም ይናገራል። ሊወለውሉ ሲመጡም አታስቁሟቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ነው የሚያጸዱት። ሲያጸዱና ምልክቱን ሲያቆሙ ግን አንሷቸው፤ የፎቶው ሰዓት ምልክቱ የመጣው ከውድቀታችሁ በኋላ መሆኑን ያሳያል።

ቪዲዮ ስትቀርጹ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የሰዎችን የግል ንግግር ያለ ሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው። በዲሲና በቨርጂኒያ ከተናጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። እኔ ብሆን ከማናጀሩ ጋር የምነጋገረውን አልቀዳም፤ ወለሉን በፎቶ አነሳለሁ፣ ንግግሩን ወጥቼ እጽፈዋለሁ።

ፎቶዎቹን ለቤተሰብ በዋትስአፕ ወይም በቫይበር ልካችሁ ከስልካችሁ እንዳታጠፏቸው። መተግበሪያዎቹ ፎቶውን ያሳንሱታል፣ የተነሳበትን ሰዓትና ቦታ የሚይዘውንም ድብቅ መረጃ ብዙውን ጊዜ ያወጡበታል። ዋናውን ስልኩ ላይ ተዉት፤ ቅጂውን በኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ለራሳችሁ ላኩ። በቀይ ክብ ማድረግ ካማራችሁ ቅጂው ላይ አድርጉ።

3. ሰዎቹ ሳይበተኑ

ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ተቀበሉ፤ እዚያው ደውሉለትና ስልኩ ሲጠራ ስሙ። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ መቅረት የተለመደ ነው። የወደቃችሁትን ሳያይ "እኔም ቅድም ሊጥለኝ ነበር" የሚል ሰው ካገኛችሁ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፈሳሹ ከእናንተ በፊት እዚያ እንደነበረ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አክስት፣ እህት፣ ባል ቢመሰክሩ ይሰማሉ፤ የባዳ ቃል ግን ይከብዳል።

ማናጀር አስጠሩና የአደጋ ሪፖርት እንዲሞላ ጠይቁ። ቅጂ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፤ ግድ የለም፣ የማናጀሩን ስም፣ ሰዓቱንና የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ አትፈርሙ። ብዙዎቻችን ለጨዋነት ስንል የቀረበልንን ወረቀት እንፈርማለን።

4. በዚያው ቀን ሐኪም

ወጌሻ አይቅደም። በደንብ የሚያሽ ወጌሻ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ራጅ ሳይነሳ የታሸ አጥንት ሊባባስ ይችላል፣ ወጌሻም የሚጽፈው ወረቀት የለውም። በውድቀቱና በሕክምናው መካከል ሁለት ሳምንት ካለፈ "በመሐል ሌላ ቦታ ወድቃ ቢሆንስ?" ይባላል።

ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ነርሷ "ምን ሆነሽ ነው?" ትላለች። "እግሬን አሞኝ" ብላችሁ ካቆማችሁ ያው ይጻፋል። የት፣ መቼ፣ በምን እንደወደቃችሁና የሚያማችሁን ቦታ ሁሉ ተናገሩ፤ ትልቁ ሕመም ትንሹን ይሸፍነዋልና ትንሹንም ጥቀሱ። አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ ልጅ እናቱን ሲያስተረጉም ያሳጥራል።

የሕክምና መዝገባችሁን የማግኘት መብት አላችሁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ስታገኙት አንብቡት ወይም አስነብቡት፤ ስህተት ካለ እንዲታረም ወዲያው አመልክቱ።

የበለዘውን ቦታ በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ብርሃን አንሱት። በለዝ ቀለሙን እየቀያየረ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ማን ያምናችኋል?

5. ጫማው

አክስቴ ጫማዋን በማግሥቱ አጠበችው። ንጹሕ ሰው ናት፣ ምን ላድርጋት? ሶሉ ላይ የወይኑ ልጣጭ ተጣብቆ እንደነበር ያወቅነው ስታጥብ ስላየችው ነው።

የለበሳችሁትን ጫማ ዳግመኛ አትርገጡበት፣ አትጥረጉት። ሶሉን ፎቶ አንስታችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ሁለተኛ ጥቅምም አለው፦ "ጫማዋ ያለቀ ነው" ሲባል የሶሉ ጥርስ ራሱ መልስ ይሰጣል። የረጠበውን ልብስም ሳታጥቡ አድርቃችሁ በሌላ ከረጢት አኑሩት።

6. ካሜራው ሳይጠፋ ደብዳቤ ጻፉ

የሱቅ ካሜራ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይቀዳል። አንዳንዱ ወር ይቆያል፣ አንዳንዱ በሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ በማግሥቱ፣ ጠበቃ እስክታገኙ ሳትጠብቁ፣ ደብዳቤ ላኩ። ቪዲዮውን ስጡኝ ብላችሁ አትጀምሩ፤ አይሰጧችሁም። የምትሉት "አታጥፉ" ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይርዳችሁ፤ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

"በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ግድም፣ ሱቃችሁ ውስጥ በዚህ ቦታ አዳልጦኝ ወድቄ ተጎድቻለሁ። ከመውደቄ በፊት ካለው ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከወደቅኩ በኋላ እስካለው አንድ ሰዓት ድረስ ቦታውንና መግቢያውን የሚያሳዩ የካሜራ ቅጂዎችን ሁሉ፣ የአደጋውን ሪፖርት፣ የዕለቱን የጽዳትና የፍተሻ መዝገብ፣ በሥራ ላይ የነበሩትን ሠራተኞች ዝርዝር እንዳታጠፉና እንድታቆዩ እጠይቃለሁ።"

ያ "ሁለት ሰዓት በፊት" የሚለው ነው ዋናው። ሱቁ ስትወድቁ የሚታየውን አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጦ ቢያስቀምጥ፣ ፍሬዋ መቼ እንደወደቀች የሚያሳየው ክፍል ይጠፋል። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከተቀባይ ፊርማ ጋር ላኩ፤ አረንጓዴዋ ካርድ ስትመለስ አትጣሏት። በኢሜይልም ድገሙት። ጎረቤት ሱቅ ወይም አፓርታማ ወደዚያ የዞረ ካሜራ ካለው ለእነሱም ጻፉ።

7. የዚያኑ ማታ ጻፉ፣ በሰዓት ግን ተጠንቀቁ

የሆነውን ሁሉ በአማርኛ ቢሆንም ጻፉ፦ ከየት መጣችሁ፣ ምን ይዛችሁ ነበር፣ የትኛው እግር አዳለጠ፣ ማን ምን አለ። ሠራተኛው "ይሄ ፍሪጅ ጠዋትም ሲያፈስ ነበር" ብሎ ከሆነ ቃል በቃል አስፍሩት።

በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁትን ችግር ልንገራችሁ። ሰውዬው "8 ሰዓት ላይ ወደቅኩ" ይላል፤ በኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው። 8 ሰዓት ተብሎ ይተረጎማል፤ የጠዋቱ 8 ሰዓት ቪዲዮ ይጠየቃል፤ ቪዲዮው ላይ ሰውዬው የለም። የወደቀው በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው። ቀንም እንዲሁ ነው፦ "ሐምሌ 10" ብላችሁ ብትጽፉ ጁላይ 10 ሊባል ይችላል፣ የኛ ሐምሌ 10 ግን ጁላይ 17 ነው። ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኤኤም ወይም ፒኤም ብላችሁ ጻፉ።

በረዶና ደረጃ

የክረምት ውድቀት የራሱ ጣጣ አለው፤ ማስረጃው እኩለ ቀን ላይ ይቀልጣል። ብላክ አይስ የሚባለው ከአስፋልቱ ስለማይለይ በቁም ከፍታ የተነሳችው ፎቶ እዚህ ይበልጥ ታስፈልጋለች። በ2011 የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የማይታይ በረዶ ላይ የረገጠ ሰው አደጋውን አውቆ ገባበት ብሎ ጉዳዩን ለጁሪ (ከሕዝብ ለተውጣጣው የፈራጆች ሸንጎ) ሳያቀርቡ መዝጋት ተገቢ እንዳልሆነ ወስኗል። በረዶው መጣል ያቆመበትን ሰዓት ጻፉ። ዲሲ ውስጥ ከእግረኛ መንገድ ጋር የተዋሰነ ባለንብረት በረዶ ካቆመ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ስምንት የቀን ብርሃን ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለበት፤ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 24 ሰዓት ነው። የሙቀቱን መጠን ዛሬ መሮጥ ሳያስፈልጋችሁ በኋላ ማግኘት ይቻላል፤ የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት በሪገን፣ በደለስና በቢደብልዩአይ አየር ማረፊያዎች የሚመዘግበው አይጠፋም።

ደረጃ ላይ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ተመለሱ። የንግድ ሕንፃ የደረጃ ከፍታ በዘመኑ ኮድ ከ7 ኢንች አይበልጥም፤ በአንድ መውጫ ላይ ባሉ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ3/8 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ መደገፊያው ከ34 እስከ 38 ኢንች ይሆናል። አሮጌ ሕንፃ በተሠራበት ዘመን ኮድ ሊዳኝ ስለሚችል እናንተ መለካት እንጂ መፍረድ አይጠበቅባችሁም። አምፑል ተቃጥሎ ከነበረ በዚያው ሰዓት ተመልሳችሁ ጨለማውን አንሱት።

ቀኑ እንዳያልፍባችሁ

ክስ ለመመሥረት በዲሲና በሜሪላንድ በመደበኛው 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 2 ዓመት አለ። የወደቃችሁት የመንግሥት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ቀደም ያለ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠየቃል፦ ለዲሲ ከተማ በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው፣ በቨርጂኒያ ለካውንቲ ወይም ለከተማ በ6 ወር፣ በሜሪላንድ ለአካባቢ መንግሥት በ1 ዓመት። ፖስታ ቤት ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ ፎርም 95 የሚባለው የካሳ መጠየቂያ ቅጽ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

ሥራ ላይ ሆናችሁ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ወይም አረጋዊ ስትንከባከቡ ሰው ቤት ከወደቃችሁ፣ መንገዱ ዎርከርስ ኮምፕ (ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚሰጥ ካሳ) ነው። እዚያ መዘናጋታችሁ እንደ ሱቁ ጉዳይ በር አይዘጋባችሁም፤ ግን ለአሠሪ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ፦ ሜሪላንድ 10 ቀን፣ ዲሲና ቨርጂኒያ 30 ቀን። ለአለቃ በአፍ ነግሬዋለሁ አትበሉ፤ ቴክስት ላኩለት።

ከዚያ ስልክ ይደወላል

የሱቁ ኢንሹራንስ ሰው በጥሩ አንደበት "ዛሬ እንዴት ነሽ?" ብሎ ይጀምራል። "ደህና ነኝ" ተቀድቷል። ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ ድምፃችሁን የማስቀዳት ግዴታ የለባችሁም፤ ስሙን፣ ቁጥሩንና የጉዳዩን ቁጥር ተቀብላችሁ በጨዋ ደንብ ዝጉ። የላኩትንም ቼክ ጀርባውን ሳታስነብቡ አትመንዝሩ።

ፌስቡክና ቲክቶክም ይታያሉ። ወገቧን ታማ የተኛች ሴት ሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ የሚያሳይ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ፣ ያውም የአምናው፣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። አዲስ አትለጥፉ፤ የቆየውን ግን አታጥፉ፣ ማጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ይመጣባችኋል።

ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ፎቶዎቹን፣ የደብዳቤውን ቅጂና አረንጓዴዋን ካርድ፣ የምስክሮቹን ስልክ፣ የሕክምና ወረቀትና ሒሳብ፣ የቀረባችሁበትን የሥራ ቀን የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ አይቀበሉም፣ ከተገኘው ሲሶ ያህል ይወስዳሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ብንሸነፍ የባለሙያውንና የፍርድ ቤቱን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ጫማውንም በከረጢቱ ይዛችሁ ሂዱ።